አየር በኪሎ

አባቴ ጎሚስታ ነበር። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግማሿ ቆርቆሮ ግማሿ ሸራ የሆነች የሥራ ቦታ ነበረችው። ምልክቷ በሩ ላይ የቆመ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ ሌላ ጽሑፍ አላስፈለጋትም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ተቀይሜ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማስቲሽ፣ የተቃጠለ ጎማና ዝናብ የነካው አቧራ የተቀላቀለበት ያ ሽታ አንዳንዴ መንገድ ላይ ድንገት ሲገጥመኝ ግን ቆም እላለሁ፤ ሰው ያየኝ እንደሆነ የጫማዬን ክር የማስር እመስላለሁ።

አባቴ ቀኝ እጁ ላይ ሦስት ጣት ብቻ ነበረው። ሁለቱን ያጣቸው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የትልቅ መኪና ጎማ ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ የሚይዘው የብረት ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ቦታው ላይ በደንብ ሳይገባ አየር ከተሞላ ይወረወራል። የዚያን ቀን ተወረወረ። አብሮት የሚሠራው ጓደኛው እዚያው ሞተ፤ የአባቴ ሁለት ጣቶች ከቀለበቱ ጋር ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አባቴ አየርን እንደ ተናካሽ ውሻ ነበር የሚያየው። "ታስሮ ሲውል ያገለግልሻል፤ የተፈታ ቀን ግን ጌታውንም አያውቅም" ይለኝ ነበር።

ማንኛውም መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ያዳምጣል። ባጃጅ ይሁን፣ አውቶቡስ ይሁን፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። በጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገብተው፣ ጥሩምባው እየጮኸ፣ አባቴ ሱፉን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ሲያንኳኳ እናቴ "ኧረ በፈጠረህ!" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ግን አራቱንም ሳይጨርስ ቀና አላለም። "አሁን ሂዱ" አለ፣ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ይመስል።

አባቴ ጎንደሬ ነው። በወጣትነቱ ከጭነት መኪና ጋር እየተጓዘ ሐዋሳ ደረሰ፣ አጠገቧ ካለችው ቱላ የመጣችውን እናቴን አገኘ፣ በዚያው ቀረ። እናቱ ግን ጎንደር ነበረች። ሰው ሲሄድ ቡና ይልክላታል፣ ጋቢ ይልክላታል፣ ስልክ ሲገኝ ይደውልላታል። እሱ ራሱ ግን አይሄድም። ለምን ሲባል "ሦስት ቀን መንገድ ቀልድ ነው እንዴ? ሥራዬን ለማን ጥዬ?" ይላል። ሁላችንም መንገዱ ርቆበት መስሎን ነበር።

እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ፣ ገና አንደኛ ዓመቴ። ዘመኑ የፕላዝማ ዘመን ነው። ለማያስታውስ ልንገረው፤ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ተማሪው ጥያቄው ገብቶት እጁን ሳያወጣ መልሱን መምህሩ ራሱ ይመልሳል፣ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያመሰግናል፣ ያልፋል። ማንን እንደሚያመሰግን እግዜር ይወቀው። የእኔ ሥራ መክፈት፣ መዝጋትና በተረፈችው ደቂቃ የተድበሰበሰውን ማቃናት ነበር። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር አስተማሪ የምሆነው። መብራት እንዲጠፋ እጸልይ ነበር፣ እውነቴን ነው።

አባቴ ይህንን ካወቀ በኋላ ማን ይቻለው! ማታ ስገባ "እህሳ፣ ቴሌቪዥኑ ደህና ዋለ? ከፈትሽለት?" ይለኛል። ለሾፌሮቹም "ልጄ ቴሌቪዥን ከፋች ናት፤ ለዚያውም ባለ ዲግሪ!" እያለ ያስቃቸዋል። ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያመኝ ነበር። አብሬ እስቅና ቤት ገብቼ ትራሴ ላይ አለቅሳለሁ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ፣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ጎንደር ያለችው አክስቴ ናት። እያለቀሰች ስለምትናገር ቆሜ ከነበርኩበት ይሰማኛል። እናታቸው ደክማለች፣ የእሱን ስም ብቻ ነው የምትጠራው፣ ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷት ብሏል። "በነፍስ ልታገኛት ከፈለግህ ሰኞ ድረስ። ከማክሰኞ ወዲያ አልዋሽህም፣ ወንድሜ" አለችው።

በአውቶቡስ ቢሄድ እሑድ አዲስ አበባ ያድራል፤ ሰኞ ተነስቶ መንገድ ላይ ያድራል፤ ጎንደር የሚገባው ማክሰኞ ማታ ነው። እሱም ዝናቡ አባይ በረሃ ላይ መንገዱን ካልቆረጠው ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ሰኞ ከምሳ በፊት እናቱ አልጋ አጠገብ ነው። ሒሳቡ ይኸው ነበር፤ ለማንም ግልጽ ነው።

"በአውሮፕላን ትሄዳለህ" አለች እናቴ።

"እኔ? አየር ላይ? ሞኝሽን ፈልጊ!" አለ አባቴ።

"እናትህ ናት እኮ!"

"እናቴ መሆኗን አጣሁት? አየርን የማያውቅ ይሳፈር። እኔ አውቀዋለሁ።" ሦስት ጣት ያለውን እጁን አነሳ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። እሱ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና ድንገት ወደ እኔ ዞረ። ቀልድ ፊቱ ላይ አልነበረም።

"አንቺ ተምረሻል አይደል? በይ አስረጂኝ። አየር ያንን ሁሉ ብረት፣ ከነሰው ከነሻንጣው፣ በምን ይሸከመዋል? ዛሬ ሳይመሽ ከገባኝ እሳፈራለሁ። ካልገባኝ ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ የሆነው ይሁን።"

በዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ተማሪዬ መሆኑ ነው። ቀና ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው ወደቅኩ! ለካ ነገሩን ሁሉ የማውቀው በእንግሊዝኛ ነው። የፕላዝማው መምህር ያለውን ቃል በቃል እደግማለሁ፣ እጄን እያወዛወዝኩ፣ ቀመር ሁሉ አቧራው ላይ በእንጨት እጽፋለሁ። አባቴ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ሲያበቃ፣ "ልጄ፣ ገብቶሻል?" አለኝ። አቧራው ላይ የጻፍኩትን በእግሬ አጠፋሁት። "አንቺ ሳይገባሽ እኔን ልታሳፍሪኝ ነው?" አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጎንደር ያለችው አያቴ ስሙን እየጠራች ነው፣ እኔ ቀመር እጽፋለሁ።

ፊቴን ታጠብኩ። ተመልሼ ስመጣ ዓይኔ ያረፈው ከአንድ ቀን በፊት ተጠግኖ ባለቤቱን በሚጠብቅ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ነው። ልክ እስካፉ አየር ተሞልቷል።

"አባዬ፣ አየር ክብደት አለው?"

"የምን ክብደት! አየር አይደል?"

"እሺ፣ እንመዝነው።"

ጎረቤታችን የእህል ነጋዴ ነበር፤ በቆሎ በኩንታል የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለው። ጎማውን እያንከባለልን ወሰድነው። ነጋዴው "ምን ሆናችኋል?" እያለ መዘነልን። ከዚያ እዚያው ሚዛኑ ላይ እንዳለ አባቴ ቫልቩን ፈታው። አየሩ እየጮኸ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ሲያበቃ ነጋዴው ሚዛኑን አየ፣ እንደገና አየ፣ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። ጎማው አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ቀልሏል።

"ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" አለ አባቴ። ሚዛኑን ዞሮ አየው፣ ሥሩን ጎንበስ ብሎ አየ፣ የተጭበረበረ መስሎት። ከዚያ ሳቅ መጣበት። "ይኼን ሁሉ ዓመት አየር በኪሎ በነጻ ስሰጥ ኖሬያለሁ በለኛ!" አለው ነጋዴውን። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጊዜ የለኝም።

"አየህ አባዬ፣ አየር ባዶ አይደለም። ዕቃ ነው። ሽንኩርት የጫነን መኪና ማን ነው የሚሸከመው? ጎማው ነው እንዴ? ጎማውማ ባዶውን ሲሆን ይተኛል። የሚሸከመው ውስጡ ያለው ነው። አንተ ራስህ ስንት መኪና በአየር ላይ አስቀምጠህ ሸኝተሃል?"

ራሱን ነቀነቀ። "እሱስ ታስሮ ነው። ውጭ ያለው የተፈታ አየር በምን ይይዛል? ማን አስሮት?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። ከተማሪዎቼ አንድም እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሥራ ቦታው ተመልሰን ከሲጋራ ካርቶን ረዘም ያለ ስስ ወረቀት ቀደድኩና አንዱን ጫፍ አፌ አጠገብ ይዤ ከላይ በኩል ነፋሁበት። ተንጠልጥሎ የነበረው ወረቀት ቀና አለ። አባቴ ወረቀቱን ቀማኝና ራሱ ነፋው። ቀና አለ። በአየር መሙያው ኮምፕረሰር ቱቦ ነፋው፤ ወረቀቱ እየተርገበገበ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ከላይ እየነፋሁት ወደ ላይ ይመጣል? አየር እኮ የሚገፋ ነው፣ የሚጎትት አይደለም!"

"አልጎተተውም። ከላይ የሚሮጠው አየር ጫናው ቀለለ፣ ከታች ያለው የቆመው አየር ደግሞ እንደነበረ ነው። ታች ያለው በለጠና ገፋው። አንተ እንዳልከው፣ የሚገፋ ነው።"

"ማጭበርበር አለበት ይኼ ነገር" አለ። ግን ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። "ና፣ አሞራ ገደል እንሂድ" አልኩት፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ። ባጃጅ አስቆምኩ። ሦስቱንም ጎማ አንኳኳ፤ ባለ ባጃጁ ስለሚያውቀው ዝም ብሎ ጠበቀው። መንገድ ላይ ስንፈጥን "እጅህን አውጣ" አልኩት። "እጅህን ዘርጋ፣ መዳፍህን ወደ መሬት አድርግ። አሁን የፊቱን ጠርዝ ትንሽ ቀና አድርገው።"

ያንን እጁን አወጣ። ሦስት ጣቱ ነፋሱ ውስጥ ተዘረጋ። ትንሽ ቀና ሲያደርገው ክንዱ በሙሉ ወደ ላይ ሄደበት። አወረደው። ደግሞ ቀና አደረገው፤ ደግሞ ሄደበት።

"እየገፋኝ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"እጅህ አየሩን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ አየሩ ደግሞ እጅህን ወደ ላይ። የአውሮፕላን ክንፍ ይኸው ነው። ማንም አላሰረውም አባዬ። ፍጥነቱ ነው ያሰረው።"

አሞራ ገደል እስክንደርስ እጁን አላስገባም። አንድ እግረኛ ሰላም ያለው መስሎት እጁን አውለበለበለት፤ አባቴ አላየውም።

ጠዋት ዝናብ ነበር፣ ከሰዓት ግን ፀሐይ ወጥታለች። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ረጃጅም አሞሮች፣ የዓሣ ትራፊያቸውን በልተው ከገበያው በላይ ሰማይ ላይ ይዞራሉ። ክንፋቸውን አይመቱም። ዘርግተው ብቻ ይዞራሉ፣ እየዞሩም ከፍ ይላሉ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ግን የዚያን ቀን ያህል አስተውያቸው አላውቅም።

"እነዚህስ? እነዚህ አልሮጡም፣ ሞተር የላቸውም" አለ አባቴ።

ልመልስ አፌን ስከፍት እጁን አነሳና ዝም አሰኘኝ። "ቆይ፣ ቆይ። ሾፌሮቹን ጎማ ሲግል አየሩን አትለኩ እላቸዋለሁ። የጋለ አየር ይነፋል። የተነፋ ነገር፣" ቆም አለ፣ "ያው አየር ሰፊ ቦታ ከያዘ ቀላል ነው። መሬቱ ሞቋል። አየሩ ሞቀ፣ ተነፋ፣ ቀለለ፣ ወጣ። ይኼ መላጣ ደግሞ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይወጣል። ነው?"

"ነው አባዬ" አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የጓጓሁለት ያ ነበር፤ ሰው ዓይን ውስጥ ሲበራ ማየት።

"የአውሮፕላኑ ሞተር ቢጠፋስ?"

"ያንን እየው" አልኩት። አንዱ አባ ኮዳ ከላይ ተነስቶ ክንፉን አንድም ጊዜ ሳይመታ፣ እየተንሸራተተ ሐይቁ ዳር ድረስ ሄደና አረፈ። "እንደዚያ ነው የሚወርደው። እንደ ድንጋይ አይወድቅም።"

አሞራው ካረፈበት ዓይኑን ሳይነቅል "ቲኬት የት ነው የሚቆረጠው?" አለ። ቤት ስንገባ ቲኬቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እናቴ "ከገባኝ" የሚለውን ቃል ከአፉ እንደሰማች ነበር ወደ ቲኬት ቢሮ የሄደችው።

እሑድ አብሬው አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ሰኞ ንጋት ላይ አየር ማረፊያው በር ላይ ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ነው የነገረን። ተሳፋሪዎቹ በእግራቸው ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ፣ አባቴ ከሰልፉ ወጣ ብሎ ወደ ጎማው ሄደ። ጎንበስ አለና አንኳኳ። ምን ያድርግ፣ ዕድሜ ልኩን ያደረገው ነው! ፈጥነው ጥበቃዎች ከበቡት፣ ክንዱን ይዘው ዳር አወጡት። ምን አስቀመጥክ፣ ማን ላከህ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? አውሮፕላኑ ሊሄድበት ነው፣ እናቱ እየጠበቀችው ነው፣ እሱ ስለ ሲጋራ ካርቶን ያስረዳል። አለቀስኩ ብሎናል፤ አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

አብራሪው ሊያይ ወረደ። አባቴ "ጎሚስታ ነኝ፣ ጌታዬ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው። ሳላንኳኳ ተሳፍሬ አላውቅም" አለው። አብራሪው ትክ ብሎ አየው፣ ከዚያ "እና፣ ደህና ናቸው?" አለው። "ደህና ናቸው፣ ግን ድምፃቸው ሌላ ነው።" "አየር ስላልሆነ ነው" አለው አብራሪው፤ "ናይትሮጂን ብቻ ነው የምንሞላው።" ክንዱን ይዞ እስከ መቀመጫው አደረሰው። አባቴ ይህንን ለዓመታት ሲያወራ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆጣል፦ "አየሩን ጎማቸው ውስጥ እንኳ አላመኑትም! አምነውት የወጡት ላዩ ላይ ነው!"

ከቀብሩ በኋላ፣ በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። በአውሮፕላን። አያቴ ያረፈችው ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ አውቶቡሱ ገና መንገድ ላይ በነበረ ሰዓት።

ሥራ በጀመረበት ቀን ጠዋት አብሬው ነበርኩ። አንድ ሾፌር "ቴሌቪዥን ከፋቿ ደህና ናት?" አለው እየሳቀ። አባቴ ከጎማው ቀና ሳይል "መምህርት ናት" አለ። ሾፌሩ ደንግጦ ሳቁን አቋረጠ።

ሰውየው ሲሄድ አባቴ ኮምፕረሰሩ አጠገብ ተቀመጠ። እናቱ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር በእጇ እየዳበሰች ነው ያወቀችው አለኝ። ፊቱን ዳበሰች፣ ትከሻውን ዳበሰች፣ ቀኝ እጁ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ለካ አልነገራትም ነበር። ከዚያ አደጋ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያልሄደው መንገዱ ርቆበት አልነበረም፤ ያንን እጅ እንዳታይ ነው። ጣቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረችና "ለዚህ ብለህ ነው የጠፋህብኝ? እኔ የወለድኩት አንተን ነው እንጂ ጣት ነው?" አለችው። እስክትሞት ድረስ እጁን አልለቀቀችም።

"ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ?" አለኝ አባቴ።

"የቱ?"

"ከአዲስ አበባ ጎንደር። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው ልጄ። ያቀረቡልኝን ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ደረስን።" እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አየው። "እናቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበረች።"

ኮምፕረሰሩን አጠፋው። የዚያን ቀን ሌላ ጎማ አልሠራም።